ትናንሽ ሞዴሎችን ቀለም ሲቀቡ እጅዎ ይንቀጠቀጣል?

ቁመቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል በሆነ የሰው ቅርጽ ላይ ዓይን መሳል ማለት ከጤፍ ፍሬ በማይበልጥ ቦታ ላይ ነጭ ቀለም፣ በነጩ መካከል ደግሞ ጥቁር ነጥብ ማስቀመጥ ነው። ብሩሹ ሊነካ ሲል እጅ ይርገበገባል፣ ነጩም ጉንጩ ላይ ያርፋል። እንዲህ ያሉ ሞዴሎችን ለመዝናኛ የሚቀቡ፣ ለአርክቴክቸር ትምህርት የሕንፃ ሞዴል የሚሠሩ፣ ወይም በሞባይል ጥገና፣ በጥልፍና በወርቅ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ወደ እኔ ሲመጡ ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ፓርኪንሰን ይሆን እንዴ?»

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ይሁን እንጂ መንቀጥቀጡ መቼ እንደሚመጣና ምን እንደሚያባብሰው ማወቅ ይጠቅማል፤ ሰዎች እጃቸውን ለማረጋጋት ሲሉ በራሳቸው የሚወስዷቸው አንዳንድ እርምጃዎች ከመንቀጥቀጡ የበለጠ ጉዳት ያመጣሉና።

ጤነኛ እጅም ይንቀጠቀጣል

ፍጹም የሚቆም እጅ የለም። የማንኛውም ጤነኛ ሰው እጅ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ በጥቂቱ ይርገበገባል። ሻይ ሲጠጡ ወይም ሲጽፉ አይታወቅዎትም። ቀጭን ብሩሽ በእጅዎ፣ ማጉያ መነጽር በዓይንዎ ላይ ሲሆን ግን ያው እንቅስቃሴ ጎልቶ ይታያል። ብሩሹን ከጫፉ ርቀው በያዙት መጠን ደግሞ ትንሿ የጣት እንቅስቃሴ ጫፉ ላይ ስትደርስ ትልቅ ትሆናለች።

ይህን ተፈጥሯዊ መንቀጥቀጥ የሚያጎሉት ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ብርድ፣ ረሃብ፣ ቡናና ጫት ናቸው። የቡናው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአብዛኞቻችን 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ የጠጡት ቡና ማታ 1 ሰዓት ላይ ለሥራ ሲቀመጡም ግማሹ ከእርስዎ ጋር ነው። አቦል ጠጥቶ ቶናና በረካን ማለፍ በአገራችን ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ሥራውን ከቡናው በፊት ያድርጉት። በየቀኑ ብዙ የሚጠጡ ከሆነ በአንድ ጊዜ አያቁሙ፣ ራስ ምታት ያመጣብዎታል። ቀስ በቀስ ይቀንሱ።

ክርንዎን ያሳርፉ

ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያውን ቁስል ስሰፋ የመርፌ መያዣው ጫፍ ሲርገበገብ ታካሚውም አይቶት ነበር። አጠገቤ የቆመው ሐኪም «ክርንሽን አሳርፊ» ከማለት ሌላ ምንም አልተናገረም። መርፌው ተረጋጋ። ለብሩሽም የሚሠራው ይኸው ነው፤ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ክንድ ከትከሻ ጀምሮ ስለሚንቀሳቀስ ጣት ብቻውን ሊያስተካክለው አይችልም።

ሁለቱንም እግርዎን መሬት ላይ አድርገው ይቀመጡ፣ ሁለቱንም ክርኖች ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ። ጠረጴዛው ዝቅ ካለና ካጎነበሱ ትከሻዎ ቶሎ ይደክማል፤ ከክርንዎ ሥር ወፍራም መጽሐፍ ማድረግ ይቻላል። ሞዴሉን በባዶ ጣት አይያዙት። ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ወይም የጠርሙስ ክዳን ላይ በማስቲሽ ለጥፈው ብልቃጡን ይያዙ። ከዚያ የሁለቱን እጆችዎን አንጓዎች እርስ በርስ ያገናኙ። ይህ ዋናው ነገር ነው፦ ሞዴሉን የያዘው እጅና ብሩሽ የያዘው እጅ ሲነካኩ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ በብሩሹና በሞዴሉ መካከል ያለው ርቀት ብዙም አይለዋወጥም። የብሩሽ እጅዎን ትንሿን ጣት ደግሞ ብልቃጡ ላይ ያስደግፉ።

ብሩሹን ከጠጉሩ አጠገብ፣ ግን ሳይጨብጡ ይያዙ። ጥብቅ አያያዝ ጡንቻን ያደክማል፣ የደከመ ጡንቻም ይበልጥ ይንቀጠቀጣል። እጀታው በጣም ቀጭን ከሆነ ጨርቅ ወይም ፕላስተር ጠቅልለው ያወፍሩት። መስመሩን ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ ለመዞር ሲፈልጉ እጅዎን ሳይሆን ሞዴሉን ያዙሩ። ትንፋሽዎን ረጅም ጊዜ አይያዙ፤ በዝግታ ወደ ውጭ ሲተነፍሱ ነጥቡን ያስቀምጡ። በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ተነሥተው እጅዎን ያራግፉ።

ዕድሜዎ ከ40 በላይ ከሆነ ጥፋቱ የእጅ ላይሆንም ይችላል። ቅርብ ያለውን በደንብ ያላየ ዓይን እጅን በትክክል አይመራም። የማንበቢያ መነጽርና ከጎን የሚመጣ ጥሩ ብርሃን ብቻ ችግሩን የፈቱላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

የሚወስዱት መድኃኒት ይሆን?

እጅ ከሚያንቀጠቅጡ የተለመዱ መድኃኒቶች አንዱ ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞል ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮዌት፣ ሊቲየም፣ አሚትሪፕቲሊን፣ እንዲሁም ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን ተመሳሳይ ውጤት አላቸው።

አንድ የአርክቴክቸር ተማሪ የመመረቂያ ሞዴሉን ሊጨርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እጁን የሚያንቀጠቅጠው የአስም ፓፉ መሆኑን ከጓደኛው ሰማ። የሰማው እውነት ነበር። ፓፉን ተወው፣ እጁም ተረጋጋ። በሦስተኛው ሌሊት መተንፈስ አቅቶት እናቱ ድንገተኛ ክፍል አመጡት። አስተማሪው ነገር ከዚያ በኋላ የተገኘው ነው፦ ሳልቡታሞሉን በቀን ብዙ ጊዜ ይነፋ የነበረው በየቀኑ የሚወሰደው የመከላከያ ፓፍ ስላልነበረው ነው። እሱ ሲጀመርለት አስሙ ተቆጣጠረ፣ ሳልቡታሞል የሚፈልግባቸው ቀናት አነሱ፣ መንቀጥቀጡም አብሮ ቀነሰ። ስለዚህ መድኃኒትዎን ከጠረጠሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ እንጂ በራስዎ አያቋርጡ።

መንቀጥቀጡ መቼ ነው የሚመጣው?

እጅዎን ጭንዎ ላይ ያሳርፉና ከ100 ጀምሮ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩ። ያረፈው እጅ፣ በተለይ አንዱ ብቻ፣ መንቀጥቀጥ ከጀመረና ዕቃ ሲያነሡ ከቀነሰ ለፓርኪንሰን የሚቀርበው ይህ ነው። ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1817 የገለጸው ሎንዶናዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ነበር። መንቀጥቀጥ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ የእንቅስቃሴ መዘግየት፣ የእጅና እግር መገተር፣ የጽሑፍ እየጠበበ መሄድ ይከተሉታል።

ባረፈ ጊዜ ጸጥ ብሎ ብሩሽ ሲያነሡ፣ ሲኒ ሲይዙ ወይም ሲፈርሙ የሚመጣና በሁለቱም እጆች ላይ ያለ፣ ዓመታት የቆየ መንቀጥቀጥ ግን በአብዛኛው ኢሴንሻል ትሬመር የሚባለው ነው። በቤተሰብ ይወርዳል፤ «አባቴም ሲኒ ሲይዝ እጁ እንዲሁ ነበር» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ዕድሜን አያሳጥርም፣ ግን ከዓመት ዓመት ሊጨምር ይችላል። ሦስተኛው ዓይነት እጅ ወደ ዒላማው በቀረበ ቁጥር የሚብስ ነው፤ ይህ ከትንሹ አንጎል ጋር ሊያያዝ ስለሚችል ምርመራ ይፈልጋል።

ከመንቀጥቀጡ ጋር ልብዎ በፍጥነት የሚመታ፣ የሚያልብዎት፣ ሙቀት የማይችሉና እየበሉ የሚከሱ ከሆነ የታይሮይድ እጢ (የእንቅርት) የደም ምርመራ ያስፈልግዎታል። ይህ በሕክምና የሚስተካከል ምክንያት ስለሆነ ባይታለፍ እወዳለሁ።

አልኮልና ከጓደኛ የተወሰደ ክኒን

ኢሴንሻል ትሬመር ያላቸው ብዙ ሰዎች ጥቂት አልኮል ሲጠጡ እጃቸው ለአጭር ጊዜ ይረጋጋል። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። ስሜቱ ሲያልፍ መንቀጥቀጡ ብሶ ይመለሳል፣ መጠኑም ከአንድ መለኪያ ወደ ሁለት ያድጋል። ጠዋት ሲነሡ እጅዎ ተንቀጥቅጦ አረቄ ሲቀምሱ የሚቆም ከሆነ ግን ጉዳዩ የትሬመር ብቻ አይደለም፤ ሰውነትዎ አልኮልን ለምዷል። በዚህ ሁኔታ በድንገት ማቆም የሚጥል ሕመምና መቃዠት ሊያስከትል ስለሚችል ማቆሙ በሐኪም ክትትል መሆን አለበት። ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው፣ ጠርሙሱን ደብቆ ሰውየውን ቤት መዝጋት መፍትሔ ይመስላልና።

ፕሮፕራኖሎል የሚባለው የልብና የደም ግፊት መድኃኒት እውነትም እጅን ያረጋጋል። በተኩስና በቀስት ውድድር የተከለከለውም ለዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ አንድ ተኳሽ በዚህ መድኃኒት ምክንያት ሁለት ሜዳሊያዎችን ተነጥቋል። ለኢሴንሻል ትሬመር እኛም እናዝዘዋለን፣ ፕሪሚዶን ደግሞ ሌላው አማራጭ ነው። ነገር ግን ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ሰው ትንፋሽ ሊዘጋ፣ የልብ ምቱ ቀርፋፋ ለሆነ ሰው ይበልጥ ሊያዘገይ፣ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ደግሞ የስኳር ማነስ ምልክቶችን ሊደብቅ ይችላል። ከጎረቤት ወይም ከጓደኛ ተቀብለው አይሞክሩት።

መቼ በፍጥነት?

መንቀጥቀጡ ወይም የእጅ አለመታዘዝ በድንገት ከመጣና የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር አብሮት ካለ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የስኳር ታካሚ ሆነው በድንገት ከተንቀጠቀጡና ካላበዎት 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለዎት ይድገሙ። ሕመምተኛው መዋጥ የማይችል ከሆነ በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

አስቸኳይ ባልሆነ ጊዜ ወደ ክሊኒክ ሲመጡ ሦስት ነገር ይዘው ይምጡ። አንደኛው ክርንዎንም ሆነ አንጓዎን ሳያስደግፉ በእያንዳንዱ እጅ በእስክሪብቶ የሳሉት፣ ከመሃል ወደ ውጭ የሚጠመዘዝ መስመር ነው፤ ቀኑን ይጻፉበት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግመው ስለው ማወዳደር እንችላለን። ሁለተኛው በሚቀቡበት ጊዜ ሰው በስልክ የቀረጸው አጭር ቪዲዮ ነው፣ ክሊኒክ ውስጥ መንቀጥቀጡ አንዳንዴ ይጠፋልና። ሦስተኛው የባህል መድኃኒቱንና የስፖርት ዱቄቱን ጨምሮ የሚወስዱት ሁሉ፣ ከነማሸጊያው።