የአያታችን ልደት መቼ ነው?

ዘር መቁጠር እናውቃለን። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልን እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ለጋብቻ ዘመድ ከባዳ የምንለየው በዚሁ ነው። ነገር ግን ከነዚያ ሁሉ ሰዎች መካከል የተወለደበትን ቀን የምናውቀው የማንን ነው? የእናታችንን እናት ልደትስ ማን ያውቃል? የአባቶችን ስም ስንቆጥር የእናቶች ስም እንኳ ይቀራል።

ወረቀቱ የት አለ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ ይናገር ነበር። ነገር ግን መዝገቡ በመላ አገሪቱ ሥራ ሳይጀምር ብዙ ዘመን አለፈ። በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 760 ወጣ። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የገጠር አያቶቻችንን ልደት በመንግሥት መዝገብ ብንፈልግ አብዛኛውን ጊዜ አናገኝም።

ታዲያ ቀኑ ጠፍቶ ቀረ ማለት ነው? አይደለም። በሰው አፍ ውስጥ አለ። መጠየቅና መቁጠር ያስፈልጋል።

እናትና ልጅ

ለምሳሌ አንድ ገበሬ እናስብ። የሚኖረው ከአዲስ አበባ ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። ፊደል የቆጠረው ከጎለመሰ በኋላ ነው። እናቱ አርጅተዋል። አንድ ማታ ደብተሩን ይዞ ምድጃው ዳር ተቀመጠ።

«እማዬ፣ ያንቺ እናት መቼ ተወለደች?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! ያኔ ማን ይጽፍ ነበር?»

«እናቷስ መቼ ሞተች?»

«በኅዳር በሽታ ነዋ። እናቴ ክርስትና ተነሥታ ወር ቢሞላት ነው። በጎረቤት ጡት ነው ያደገችው።»

«ክርስትና የተነሣችው መቼ ነው?»

«እሱንማ አውቃለሁ! በጥቅምት ሚካኤል ነው። የክርስትና ስሟም ወለተ ሚካኤል ነበር። ስትወለድ ዝናቡ ከባድ ነበር አሉ። ዘመኑም ሉቃስ ሊገባ ነበር ይላሉ።»

እናቲቱ «አላውቅም» ብለው ጀመሩ። ግን ሁሉንም ተናገሩ!

እንዴት ይቆጠራል?

የኅዳር በሽታ የገባው በ1911 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ክርስትናዋ ጥቅምት 12 ቀን 1911 ዓ.ም. ይሆናል።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ነው። እንግዲህ ከጥቅምት 12 ጀምረን 80 ቀን ወደ ኋላ እንቁጠር።

ከጥቅምት 12 ቀን፣
ከመስከረም 30 ቀን፣
ከጳጉሜ 5 ቀን፣
ከነሐሴ 30 ቀን፣
ድምር 77 ቀን።

3 ቀን ቀረን። ሐምሌ 30፣ ሐምሌ 29፣ ሐምሌ 28። አያቲቱ የተወለዱት ሐምሌ 28 ቀን 1910 ዓ.ም. ግድም ነው። እናቲቱ «ዝናቡ ከባድ ነበር» ማለታቸውም ከዚህ ጋር ይስማማል።

ዘመኑንስ እንፈትን። በ1911 ላይ 5500 እንደምር። 7411 ይሆናል። ይህን ለ4 እናካፍል። 3 ይተርፋል። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ ነው። ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1911 ሉቃስ ነው። የእናቲቱ ቃል እውነት ሆነ።

ምን ብለን እንጠይቅ?

«ስንት ዓመትህ ነው?» ብቻ ብንል ብዙ ሽማግሌ በግምት ይመልሳል። «በምን ጊዜ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። እነዚህ ዘመናት ይረዱናል።

ክፉ ቀን፦ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.
የዐድዋ ጦርነት፦ 1888 ዓ.ም.
የኅዳር በሽታ፦ 1911 ዓ.ም.
የማይጨው ጦርነት፦ 1928 ዓ.ም.
ጣልያን የወጣበት፦ 1933 ዓ.ም.
አብዮት የፈነዳበት፦ 1966 ዓ.ም.

የክርስትና እናትና አባት ቤተሰቦችንም እንጠይቅ። የደብሩን ካህን እናማክር። በአንዳንድ ደብር የክርስትና መዝገብ አለ። በብራና መጻሕፍት ባዶ ገጽ ላይም የርስትና የስጦታ ማስታወሻ የተጻፈበት አለ። እዚያ የአያት ስም ሊገኝ ይችላል።

ሙስሊም ቤተሰቦች ረመዳንንና አረፋን ይጠይቁ። የእስልምና ወር በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይገባል። ስለዚህ «በረመዳን ተወለደ» ከተባለ ክረምት ነበር ወይስ በጋ ብሎ መጠየቅ ነው።

አንድ ሰው ብቻ ጠይቀን አንተው። ሁለተኛ ምስክር እንፈልግ። የሰማነውን «ሰማሁ»፣ የቆጠርነውን «ቆጠርኩ» ብለን እንጻፍ። የነገረንን ሰው ስምና የጻፍንበትን ቀንም እንጨምር።

ነገ አንበል

ያ ገበሬ በደብተሩ ላይ ጻፈ። ከዚያ ለእናቱ አነበበላቸው። «ወለተ ሚካኤል። ሐምሌ 28 ቀን 1910 ዓ.ም. ግድም ተወለደች። እናቷ በኅዳር በሽታ ሞተች።»

እናቲቱ ዝም አሉ። ከዚያ «እስቲ ድገምልኝ» አሉት። ደገመላቸው።

እኒህ እናት ሳይጠየቁ ቢሞቱ ኖሮ ይህ ሁሉ አብሮ ይቀበር ነበር። እኛም ዛሬ ማታ ሽማግሌዎቻችንን እንጠይቅ። የልጆቻችንን ልደት ደግሞ በጊዜው እናስመዝግብ። አዋጁ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አዟል። የልጅ ልጆቻችን እንደ እኛ ወደ ኋላ እየቆጠሩ አይድከሙ።

ጥያቄ
1. እናቲቱ የልጃቸውን ጥያቄ የመለሱት ምን ምን አስታውሰው ነው?
2. በማርያም ቀን፣ ኅዳር 21፣ ክርስትና የተነሣ ወንድ ልጅ መቼ ተወለደ? 40 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ።
3. ከቤታችሁ በዕድሜ የሚበልጠው ማን ነው? የተወለደበትን ዘመን ጠይቃችሁ ጻፉ።