ስለ ሰልፋ መድኃኒት፤ ባክቴርያ የሚሠራውን ሰው ከማዕዱ እንደሚያገኘው

መርፌ የሌለበት ቤት የለም፤ ሕፃን ልጅም ያገኘውን ሁሉ ሳይነካ አያልፍም። በኤሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ. ም. መጨረሻ፥ በጀርመን አገር የሐኪሙ የጌርሃርድ ዶማክ ልጅ መርፌ ይዛ ስትሄድ ወደቀችና መርፌው በእጅዋ ውስጥ ገብቶ ተሰበረ። ስባሪው በቀዶ ሕክምና ቢወጣም ቍስሉ አመረቀዘ፤ ሕመሙም ወደ ክንድዋ እየወጣ ስለ ሄደ፥ ሐኪሞቹ ነፍስዋን ለማትረፍ ክንድዋን ስለ መቍረጥ ይማከሩ ጀመር። ልጅቱ ገና የስድስት ዓመት ብላቴና ነበረች።

አባቷ ግን ፕሮንቶሲል የሚባለውን ቀይ ቀለም አስቀድሞ በአይጦች ላይ ፈትኖ፥ ቍስል ከሚያመረቅዘው ባክቴርያ እንዳዳናቸው አይቶ ነበር። ይህንኑ መድኃኒት ለገዛ ልጁ ሰጣት፤ ክንድዋም ሳይቈረጥ ዳነች። ወላጅ የሆነ ሁሉ እነዚያ ቀኖች እንዴት እንዳለፉ ሊገምት ይችላል። በ1939 የኖቤል ሽልማት ቢፈረድለትም የሂትለር መንግሥት እንዳይቀበል አስገደደው፤ ሜዳዩን የተቀበለው በ1947 ነው፤ ለገንዘቡ የተወሰነው ጊዜ ግን አልፎ ነበር።

በዚያው በ1935 በፓሪስ በፓስተር ተቋም የሚሠሩ ሊቃውንት፥ የሚያድነው ቀይነቱ ሳይሆን በሰውነት ውስጥ ከቀለሙ የሚለየው ሰልፋ መሆኑን ገለጹ። በ1940 ደግሞ እንግሊዛዊው ዶናልድ ዉድስ፥ ሰልፋ በአጭሩ ፓባ የሚባለውን ንጥረ ነገር እንደሚመስልና የፓባን ስፍራ እየያዘ ባክቴርያውን እንደሚያስርበው አስረዳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕይወት ያለው ሁሉ ለመባዛትና ለማደግ ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቪታሚን ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ ባክቴርያዎች ይህን ከፓባ ጀምረው ራሳቸው ይሠሩታል፤ እኛ ሰዎች ግን መሥራት ስለማንችል ከማዕዳችን እናገኘዋለን። ስሙም የወጣው ቅጠል ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ በጎመን፥ በምስርና በጉበት ይገኛል። ሰልፋ የባክቴርያውን ሥራ ቤት ሲዘጋ የእኛን ማዕድ የማይነካው ስለዚህ ነው። እመቤቶች አንባቢዎቻችንም ይህን ልብ ቢሉት እንወዳለን፤ የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚወጡበት ቧንቧ የሚገጥመው በመጀመሪያዎቹ 28 ቀኖች ውስጥ፥ ብዙ ጊዜም እናቲቱ ማርገዝዋን ሳታውቅ ነው። ሐኪሞች ለመፅነስ ያሰበች ሴት አስቀድማ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ የሚመክሩት ስለዚህ ነው።

ፓባን ከሌላው ክፍል ጋር የሚያጋጥመው ኢንዛይም ዲሂድሮፕቴሮኤት ሲንቴዝ ይባላል፤ ስሙ ለምላስ የሚከብድ ስለ ሆነ እኛ ሠራተኛው እንለዋለን። ይህ ሠራተኛ በማናቸውም ማጕያ መነጽር መልኩ አይለይም። ነገር ግን የጨው ውሃ ሲደርቅ ጠርዝ ያለው ድቃቂ እንደሚቀር ሁሉ፥ ኢንዛይምም በብልኃት ክሪስታል እንዲሆን ይደረጋል፤ በላዩም የራጅ ጨረር ሲያርፍ ይበተናል፥ ከአበታተኑም በስሌት የእያንዳንዱ አቶም ስፍራ ይታወቃል። የኢኮላይ ባክቴርያ ሠራተኛ መልክ በዚህ መንገድ በ1997 ታወቀ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በ2012 የተገለጠው ነው። በአሜሪካ በሜምፊስ ከተማ በቅዱስ ይሁዳ የሕፃናት ሆስፒታል ያሉ ሊቃውንትና ባልደረቦቻቸው፥ የአባሰንጋንና የቸነፈርን ባክቴርያ ሠራተኞች በክሪስታል ውስጥ በሥራ ላይ ሳሉ አዩአቸው። ከሠራተኛው አካል ሁለት ልቅ ክንዶች መጥተው ይታጠፋሉ፤ የፓባ ማደሪያ የሚበጀውም በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ሰልፋም እንደ ቤተ ዘመድ ለብሶ እዚያው ይገባል፤ ነገር ግን ቁመቱ ከፓባ ስለሚረዝም ጫፉ ከማደሪያው ውጭ ይቀራል። መድኃኒቱን የለመደ ባክቴርያ የሚለውጠውም ያንኑ ጫፉ የሚነካውን ስፍራ ነው፤ ፓባ እንደ ቀድሞው ይገባል፥ ሰልፋ ግን ይከለከላል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። የወባ ተውሳክ ባክቴርያ ባይሆንም ይኸው ሠራተኛ አለው። በአገራችን ከ1998 ጀምሮ ለወባ ይሰጥ የነበረው ፋንሲዳር አንዱ ክፍሉ ሰልፋ ሲሆን፥ ተውሳኩ ስለ ለመደው በ2004 በኮአርተም ተተካ። ሌላው የሰልፋ ወገን ኮትሪሞክሳዞል ግን ዛሬም በየጤና ጣቢያው አለ፤ ሰልፋ ቆዳውን ያሳበጠው ወይም ያቃጠለው ሰው ከመቀበሉ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት።

መድኃኒት ቀማሚዎች አሁን ከፓባ ማደሪያ አጠገብ ያለውን ሌላውን ማደሪያ እየመረመሩ ነው፤ እርሱን ባክቴርያው ሥራውን ሳያበላሽ ለመለወጥ እጅግ ይቸግረዋል።