አሠሪ ሐኪም ሲሆን፦ የሱስ ሕክምና ፕሮግራሞች ስፖርተኞችን በእርግጥ ያድናሉን?

እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 2011 ዴሬክ ቡጋርድ የተባለው የኒውዮርክ ሬንጀርስ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ሚኒያፖሊስ በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 28 ነበር። በታላቁ የሰሜን አሜሪካ ሊግ ባደረጋቸው 277 ጨዋታዎች ያስቆጠረው 3 ጎል ብቻ ነው፤ የተቀጠረው ጎል እንዲያገባ ሳይሆን ከተቃራኒ ቡድን ጉልበተኞች ጋር በቡጢ እንዲጋጠም ነበርና። ድብድቡ ሕመምን፣ ሕመሙ ብርቱ ማስታገሻዎችን፣ ማስታገሻዎቹም ሱስን አስከተሉበት። የሞቱ ምክንያት አልኮልን ከኦክሲኮዶን ጋር፣ ይኸውም ከኦፒየም ወገን ከሆነ የሕመም ማስታገሻ ጋር፣ መውሰዱ እንደሆነ በምርመራ ታወቀ።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ ሊያሳስበን የሚገባው ቡጋርድ ሕክምና ያልደረሰለት ሰው አለመሆኑ ነው። ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ በጋራ በሚያካሂዱት ፕሮግራም አማካይነት በ2009 ታክሞ ነበር፤ በሞተበትም ወቅት ዳግመኛ በሕክምና ላይ ሳለ ከማእከሉ ለአጭር ጊዜ በፈቃድ የወጣ ነበር። ታዲያ አሠሪዎች ለፕሮፌሽናል ስፖርተኞች የሚያካሂዷቸው እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በእርግጥ ይረዳሉን? የፊዚክስ መምህር በዚህ ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ጥያቄው በመሠረቱ የመለካት ጥያቄ ነው እንላለን።

የፕሮግራሞቹ አሠራር

የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ ፕሮግራም የተቋቋመው በ1996 ነው። አሠራሩም በአራት ደረጃዎች የተከፈለ ሆነ። በመጀመሪያው ደረጃ ተጫዋቹ ደመወዙ ሳይቋረጥ፣ ቅጣትም ሳይደርስበት ይታከማል። ሕጉን ተላልፎ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ከወረደ በሕክምናው ጊዜ ያለ ደመወዝ ይታገዳል። በሦስተኛው ደረጃ እገዳው ቢያንስ ስድስት ወር፣ በአራተኛው ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት ይሆናል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ በአንድ እጅ ሕክምና፣ በሌላው እጅ የሥራ ማጣት ሥጋት።

ይህን አሠራር በቀላሉ ማጣጣል አይገባም። ሱስ የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ሐኪም የሚሄደው ሌላ ሰው ሲገፋው ነው፤ ከቤተሰብና ከእንጀራ የበለጠ ገፊ ኃይል ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። አሠሪው ይህ ኃይል በእጁ አለ። የሕክምናውንም ወጪ መሸፈን ይችላል።

ምስክርነት ማስረጃ ይሆናልን?

የፕሮግራሞቹ ደጋፊዎች ታክመው ወደ ሜዳ የተመለሱ ተጫዋቾችን በምስክርነት ይጠቅሳሉ። ሆኖም አንድ ሰው ወደ ሕክምና የሚገባው ብዙውን ጊዜ ነገሩ እጅግ በከፋበት ቀን መሆኑን ልብ እንበል። የሱስ ሕመም ደግሞ ይብሳል፣ ይሻላል፣ መልሶም ያገረሻል። በጣም ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ተማሪ በሚቀጥለው ፈተና አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ እንደሚያሻሽል ሁሉ፣ ከከፋው ቀን በኋላ የሚመጣው ቀን ያለ ሕክምናም የተሻለ ሊሆን ይችላል። ስታቲስቲክስ ይህን ወደ አማካይ መመለስ ይለዋል። ስለዚህ «ገባ፣ ተሻለው» ማለት ብቻውን «ሕክምናው አሻለው» ማለት አይደለም። ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል።

በስፖርተኞች ላይ ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ማነጻጸር አስቸጋሪ ነው፤ ቁጥራቸው አነስተኛ፣ ምስጢራቸውም የተጠበቀ ነውና። በሌሎች ሠራተኞች ላይ ግን ተሞክሯል። በ1991 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የመጠጥ ችግር የነበረባቸውን 227 የፋብሪካ ሠራተኞች በዕጣ በሦስት መደባቸው። የመጀመሪያዎቹ ሆስፒታል ተኝተው እንዲታከሙ ተደረገ። ሁለተኛዎቹ ከመጠጥ መላቀቅ የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ የሚረዳዱባቸውን ስብሰባዎች ብቻ እንዲከታተሉ ተደረገ። ሦስተኛዎቹ የፈለጉትን እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በሥራቸው ሲመዘኑ ሦስቱም ቡድኖች ተሻሽለው ተገኙ፤ በመካከላቸውም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በመጠጣቸው ሲመዘኑ ግን ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። ስብሰባ ብቻ ከተከታተሉት መካከል 63 በመቶው በኋላ ሆስፒታል መተኛት ግድ ሲሆንባቸው፣ መጀመሪያውኑ ተኝተው ከታከሙት መካከል ይህ የደረሰባቸው 23 በመቶ ነበሩ።

ይህ ውጤት ለጥያቄያችን ቁልፍ ነው። የሥራ መዝገብ ብቻ የሚመለከት አሠሪ ሦስቱንም ሕክምናዎች እኩል ናቸው ይል ነበር። በሽተኛውን የሚመለከት ሐኪም ግን እኩል አለመሆናቸውን ያያል። ሙቀትን በሜትር መለካት እንደማይቻል ሁሉ፣ የሱስንም መዳን በጎልና በተሰለፉበት ጨዋታ ብዛት መለካት አይቻልም።

ምርመራና ግማሽ ዕድሜ

የፕሮግራሞቹ ሁለተኛ መሣሪያ የሽንት ምርመራ ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን በራዲዮአክቲቭ ትምህርት የሚያውቁት ግማሽ ዕድሜ ይጠቅመናል። በደም ውስጥ የሚገኘው ኦክሲኮዶን በአራት ሰዓት ያህል በግማሽ ይቀንሳል። በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስት ግማሽ ዕድሜዎች ስለሚያልፉ የሚቀረው ከመጀመሪያው 1/64 ብቻ ነው። ርዝራዡ በሽንት ውስጥ ለሦስት ቀን ያህል ይታያል ብለን እናስላ። ምርመራው በወር አንድ ጊዜ፣ ባልታወቀ ቀን ቢደረግ፣ አንድ ጊዜ የወሰደ ሰው የመያዝ ዕድሉ 3/30፣ ይኸውም 10 በመቶ ብቻ ነው። ቀኑ አስቀድሞ ከታወቀማ ሦስት ቀን መታቀብ ስለሚበቃ ዕድሉ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ምርመራው በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲሆን ግን የሚያመልጥ ጥቂት ነው።

የቤዝቦል ተጫዋቹ ጆሽ ሃሚልተን ከረጅም እገዳ በኋላ በ2007 ወደ ታላቁ ሊግ ሲገባ እንዲህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመረመር ነበር። በ2010 የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተጫዋች ሆኖ ተመረጠ። ይህ ጥብቅ ክትትል ሊያስገኝ የሚችለውን ፍሬ ያሳያል፤ ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም።

ሁለት ጌቶች

ሃሚልተን በ2015 ሕመሙ እንዳገረሸበት ራሱ ለሊጉ አሳወቀ። በዚያን ጊዜ ከሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ጋር የ125 ሚሊዮን ዶላር የአምስት ዓመት ውል ነበረው። ገላጋይ ዳኛ የሕክምና ፕሮግራሙን አልጣሰም፣ ሊቀጣ አይገባም ብሎ ወሰነ። ቡድኑ በውሳኔው አለመደሰቱን በይፋ ተናገረ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ቡድን አሳለፈው። ሕመሙን በእውነት የተናገረ ሰው እንዲህ ሲሆን ያየ ሌላ ተጫዋች ምን ይማራል? ምስጢሩን የሚሰማውም፣ ውሉን የሚያፈርሰውም አንድ ወገን ከሆነ፣ ዝም ማለት ይቀለዋል። ለሁለት ጌቶች መገዛት እንደማይቻል ሁሉ፣ ለቡድኑ ውጤትና ለበሽተኛው ጤና በአንድ ጊዜ መወገንም አዳጋች ነው።

አንዳንዴም አደጋው ከአሠሪው ቤት ይወጣል። በጁላይ 2019 የዚያው ቡድን ተጫዋች ታይለር ስካግስ በ27 ዓመቱ በቴክሳስ አንድ ሆቴል ውስጥ ሞተ፤ በሰውነቱ ፈንታኒል፣ ኦክሲኮዶንና አልኮል ተገኘ። አደንዛዥ ዕፁን የሰጠው የቡድኑ የሕዝብ ግንኙነት ባልደረባ ሆኖ በመገኘቱ በ2022 የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከሞቱ በኋላ፣ በዲሴምበር 2019፣ ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ ለኦፒየም ወገን መድኃኒቶችም ምርመራ እንዲደረግ ተስማሙ። የተገኘበት ተጫዋች በቀጥታ ወደ ቅጣት ሳይሆን ወደ ሕክምና እንዲላክ፣ ቅጣቱም ሕክምናውን አልከተልም ላለ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። ይህ በጎ እርምጃ ነው፤ የሚያሳዝነው የሰው ሕይወት ካለፈ በኋላ መምጣቱ ነው።

ከሐኪሞቹ የምንማረው

ለንጽጽር የሚበጅ ሌላ ወገን አለ፤ ራሳቸው በሱስ የተያዙ ሐኪሞች። በአሜሪካ እነዚህን የሚከታተሉት የየግዛቱ ልዩ ፕሮግራሞች እንጂ የተቀጠሩባቸው ሆስፒታሎች አይደሉም። በ2008 የታተመ ጥናት 904 ሐኪሞችን ለአምስት ዓመት ተከታተለ። ሕክምናቸውን ጨርሰው በክትትል ሥር ወደ ሥራ ከተመለሱት 647 መካከል፣ በምርመራ ዳግመኛ የተገኘባቸው 19 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ጥናት የዕጣ ማነጻጸሪያ እንደሌለው አንዘነጋም። ሐኪሞች የሚያጡት ብዙ፣ የሚደግፋቸውም ብዙ ነው። ያም ሆኖ ልዩነቱን እናስተውል፦ ክትትሉ ከቅርብ አሠሪው እጅ የወጣ፣ ዕድሜውም በዓመታት የሚቆጠር ነው።

የስፖርተኛ ውል ግን አጭር ነው፤ ጉዳት ወይም ዕድሜ ድንገት ያቋርጠዋል። ገፊው ኃይል ከውሉ ጋር ሲያበቃ ሱሱ አያበቃም። እንዲያውም አካል ከመድኃኒቱ በራቀ ቁጥር የቀድሞውን መጠን የመቋቋም ልማዱን ያጣል፤ ትናንት የለመደው መጠን ዛሬ እስትንፋሱን ሊያቆመው ይችላል። ከሕክምና የወጡበት ሰሞን እጅግ አደገኛ የሆነውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። አሠሪ በሽተኛውን ወደ ሕክምና በር በማድረስ በእርግጥ ይረዳል። ከበሩ ወዲያ ግን ሕክምናው፣ ምስጢሩና ክትትሉ ከቡድኑ ጥቅም ነጻ ለሆነ ወገን መተው አለባቸው፤ ክትትሉም ከውሉ ዘመን ሊያልፍ ይገባል። እናንተም ተማሪዎቻችን፣ ወደፊት «ፕሮግራማችን ተሳክቷል» የሚል ስትሰሙ፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በየትኛውስ መለኪያ ብላችሁ ጠይቁ። ተጫዋቹ ወደ ሜዳ መመለሱን ብቻ ከነገሯችሁ፣ ስለ ሰውዬው ገና ምንም አልነገሯችሁም።