ዓለት ላይ የተሠራ አፈር

በምዕራብ አየርላንድ፣ በጎልዌይ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ላይ ያሉት ሦስቱ የአራን ደሴቶች የኖራ ድንጋይ ናቸው። በብዙ ቦታ ዶማ የሚያርፍበት አፈር አልነበረም። ሰዉ ግን ድንች አብቅሎ ኖሯል፤ አፈሩን ራሱ ሠርቶ። የዓለቱን ስንጥቅ በጠጠር ይደፍናል፣ ከባሕር ዳር አሸዋ ተሸክሞ ያለብሰዋል፣ በላዩ የባሕር አረም ይከምራል፣ ከየስንጥቁ የለቀማትን እፍኝ አፈር ይጨምርበታል። ሮበርት ፍላኸርቲ በ1934 እ.ኤ.አ. ያወጣው «የአራን ሰው» የተባለው ፊልም ይህን ልፋት ያሳያል። ያን እርጥብ ሸክም በጀርባ ተሸክሞ ከዳርቻው ዓለት ላይ መውጣት ቀላል ሥራ አይደለም።

«አረም» የሚለው ስም ለዚህ ፍጥረት አይገባውም እላለሁ። ቡናማው የባሕር አረም ምግብ የሚስብበት ሥር የለውም፤ ዓለቱን የሚጨብጥበት እግር ብቻ ነው ያለው። የሚመገበው በመላ አካሉ ነው። አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 10.8 ግራም ያህል ሶዲየም ሲኖር ፖታስየሙ 0.4 ግራም ገደማ ብቻ ነው። አረሙ ግን ያን ጥቂቱን ፖታስየም መርጦ በገላው ያከማቻል። ድንች ደግሞ በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ወደ ታች አውርዶ ኮረቱን ለመሙላት ፖታስየም አብዝቶ ይሻል። የአረሙ ፎስፈረስ ግን አነስተኛ ስለሆነ አረሙ ብቻውን አይበቃም፤ ፍግ ቢታከልበት ይሻላል።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። እርጥቡን አረም በጣት ሲያሹት እንደ ተልባ ውሃ ይዝለገለጋል። ከዚህ ዝልግልግ ጀርባ ያለውን አልጂኔት የተባለ ንጥረ ነገር እንግሊዛዊው ኬሚስት ኤድዋርድ ስታንፎርድ በ1881 እ.ኤ.አ. ለይቶ አውጥቶታል። አልጂኔት ውሃ ይይዛል፤ ሲበሰብስም አፈሩን ለማያያዝ ይረዳል። አሸዋ ብቻውን ዝናቡን አሳልፎ ይሰደዋል፤ አረም የተቀላቀለበት አሸዋ ግን እርጥበት ያቆያል። አረሙ እንደ ዛፍ እንጨትነት ስለሌለው ቶሎ ይበሰብሳል፤ የየብስ አረም ዘርም ይዞ አይመጣም።

ዛሬ ጭማቂው በጠርሙስ ይሸጣል። ለቲማቲምና ለጎመን በብዙ ውሃ በጥብጠው ቅጠሉ ላይ ይረጩታል። እንዲህ ቀጥኖ የሚሰጠው ምግብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሚፈለገው ሳይቶካይኒንን የመሳሰሉ እድገት ቀስቃሾች ስላሉበት ነው። ስለዚህ ማዳበሪያን ይተካል ብሎ መሸጥ ገበሬን ማሳሳት ነው።

ጨውም አለ። ዝናብ በማያጥበው ደረቅ መሬት ላይ አረሙን ሳያጥቡ መከመር አደጋ አለው፤ በእኛው አዋሽ ሸለቆ፣ በአሚባራ፣ በመስኖ የመጣ ጨው ማሳ ሲያበላሽ ታይቷል። አራን ላይ ግን ዝናቡ አይጠፋም። የክረምቱ ማዕበል ነቅሎ ዳር የጣለው አረም ቀድሞ መደቡ ላይ ከተበተነ፣ ድንቹ በጸደይ እስኪተከል ድረስ ጨዉ በየስንጥቁ ወርዶ ወደ ባሕሩ ይመለሳል።