ሆድ ያልፈጀው ፀጉር

«ሆድ ይፍጀው!» ይላል ያገራችን ሰው፣ አፍ አውጥቶ የማይናገረው ነገር ሲገጥመው። እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን ሆድ ሁሉን ነገር አይፈጅም። ከማይፈጃቸው ነገሮች አንዱ ፀጉር ነው። የዛሬው ወጋችንም ስለ ፀጉር ነው፤ ስለ እናንተ ሹርባና ፍሪዝ ሳይሆን ስለ ድመታችሁ ፀጉር! «ደግሞ ለድመት ገጽ ይባክናል እንዴ?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። እናንተ ቤት ድመት ባትኖር እናታችሁ ቤት አትጠፋም።

ለመሆኑ ድመት እጃችሁን ስትልሳችሁ ምላሷ እንደ ሞረድ የሚሻክረው ለምንድን ነው? ምላሷ ላይ ወደ ጉሮሮዋ የተቀለበሱ ጥቃቅን እሾሆች ስላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው ጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ የእሾሆቹ ጫፍ እንደ ማንኪያ የተቦረቦረ መሆኑንና ምራቅ ይዞ እስከ ቆዳዋ እንደሚያደርስ አሳይተዋል። ማበጠሪያም ሳሙናም ምላሷ ላይ ነው ማለት ነው! ችግሩ ግን እሾሁ ወደ ውስጥ ስለሚያይ የተነቀለውን ፀጉር መትፋት አትችልም። ትውጠዋለች።

ፀጉር እንደ ጥፍራችን ሁሉ ኬራቲን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው፤ ጨጓራዋ አይፈጨውም። አብዛኛው ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። የተረፈው ጨጓራ ውስጥ እየተጠቀለለ ይቆይና አንድ ቀን አንገቷን ዘርግታ፣ ሆዷን እያርገበገበች ምንጣፋችሁ ላይ ትተፋዋለች። ድቡልቡል ይባል እንጂ ብዙ ጊዜ እንደ ጣት ረዘም ያለ ነው። አልፎ አልፎ ከሆነና ወዲያው ወደ ምግቧ ከተመለሰች አትደንግጡ። የሚያስደነግጠው ጥቅሉ ሳይወጣ ቀርቶ ወደ ቀጭኑ አንጀት ወርዶ ሲሰነቀር ነው። ያኔ ምግብም ውኃም ማለፊያ ያጣል።

ይህን ነገር እንዴት አወቅሽው ብትሉኝ፣ ያወቅሁት ከቤት አከራዬ ነው። እኚህ እናት አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ልጅቷ ለሥራ ወደ ዱባይ ስትሄድ ፀጉረ ረጅም ድመቷን ለእናቷ ትታ ሄደች። እሑድ እሑድ ስትደውል ከእናቷ ጤና ቀጥሎ የምትጠይቀው «እሷስ?» ብላ ነው። እና ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም «እሷ» ምግብ አቆመች። አንዱ ጎረቤት «ከእርስዎ ጋር ጾሙን ይዛ ነው እትዬ» ብሎ ቀለደ። ሌላዋ ዘይት ይዛ መጣች። ሦስተኛዋ ወተት፣ አራተኛው ደግሞ የራስ ምታት ክኒን! እኔ ከሥራ ስመለስ ድመቷ አልጋ ሥር ተደብቃለች። የቀመሰችውን ውኃ ሳይቀር ትመልሳለች፤ ሆዷን ሲነኳት ትጮሃለች፤ ዓይነ ምድር ካየንላትም ሁለት ቀን ሆኖናል።

በማግስቱ በዘንቢል ይዘናት ታክሲ ገባን። ረዳቱ «የድመቷንስ ማን ነው የሚከፍል?» ብሎ አሳቀን፤ አከራዬ ግን አልሳቁም። የእንስሳት ሐኪሙ ሆዷን ዳበሰ፣ ራጅ አነሳ፣ በአልትራሳውንድ አየ። ፀጉር ብቻውን በራጅ ጎልቶ ላይታይ ይችላል፤ ከተዘጋው ቦታ በላይ በአየርና በፈሳሽ የተነፋው አንጀት ግን ጉዳዩን ያጋልጣል። «አንጀቷ ተዘግቷል፤ ዛሬውኑ መከፈት አለባት» አለ። ዋጋው የእኔን የአንድ ወር የቤት ኪራይ ያክላል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደው። አብሮን የመጣው የጎረቤት ልጅ «እትዬ፣ ሰው መታከሚያ ባጣበት አገር ለድመት ይህን ያህል?» አላቸው። ጥያቄው የጅል ጥያቄ አይደለም፤ እኔም ሆዴ ውስጥ ነበረ። እሳቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ የዚህን ወር ኪራይ ለዶክተሩ ስጪልኝ። እሑድ ስትደውል ምን እላታለሁ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። ሐኪሙ ከአንጀቷ ያወጣው የፀጉር ጥቅል ከአንድ ቴምር አይበልጥም ነበር።

ድመቷ ዳነች። በየቤቱ «መድኃኒት» የሚባሉት ነገሮች ግን ሊገድሏት ይችሉ እንደነበር ሐኪሙ አንድ በአንድ ነግሮናል። እናንተም ልብ በሉ፦

1ኛ) ዘይት አትጋቷት። በግድ የተጋተ ዘይት ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። የተዘጋ አንጀትንም አይከፍትም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም ያው ነው።

2ኛ) ፓራሲታሞል ለእኛ ማስታገሻ፣ ለድመት መርዝ ነው። ሰውነቷ ሊያስወግደው ስለማይችል አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል። አይቡፕሮፌንም እንዲሁ።

3ኛ) ብዙ ያደጉ ድመቶች ወተት አይስማማቸውም። ተቅማጥ ይጨምርባታል እንጂ አይጠግናትም።

4ኛ) ከአፏ ወይም ከመቀመጫዋ ክር ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትጎትቱት! ሌላው ጫፉ ውስጥ ተይዞ ከሆነ አንጀቷን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። በተለይ ልብስ ሰፊ ያለበት ቤት ክርና መርፌን ከድመት ያርቅ።

ወደ ሐኪም መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው? ደጋግማ ካስመለሰች፣ ምንም ሳይወጣት የምታምጥ ከሆነ፣ አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች፣ ሆዷ ከተነፋ ወይም ከተደበቀች፣ ያኔ ነው። ግልገል ከሆነች ቀኑን ሙሉ እንኳ አትጠብቁ። ድመት እንደ ሰው መጾም አትችልም፤ ለጥቂት ቀናት ምግብ ስታቆም የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ተከምሮ ሌላ ሕመም ያመጣል። ወንድ ድመት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ እየተመላለሰ የሚያምጥ ከሆነ ሆድ ድርቀት ላይሆን ይችላል። የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ከሆነ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት እንስሳት የሚታከሙባቸው ክሊኒኮች አሉ፤ ቢሾፍቱ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ እዚያው ነው።

ኦፕራሲዮን ከሆነች በኋላ ያለው ሥራ የእናንተ ነው። ሞቅ ያለ ጸጥተኛ ጥግ አዘጋጁላት። ለስላሳ ምግብ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ ስጧት። ስፌቷን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የሚጠለቀውን ፕላስቲክ «አሳዘነችኝ» ብላችሁ አታውልቁት። ከሶፋ ሶፋ አትዝለል። የውጭው ስፌት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይነሳል። አደገኛዎቹ ግን የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ናቸው፤ የአንጀቱ ስፌት ሊያፈስ ይችላልና። እንደገና ካስመለሰች፣ ካተኮሳት ወይም ምግብ እምቢ ካለች ሳትውሉ ሳታድሩ ተመለሱ።

ከሁሉም የሚሻለው ግን እዚያ አለመድረስ ነው። ፀጉረ ረጅም ድመትን በየቀኑ፣ አጭሯን በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ አበጥሯት፤ ማበጠሪያው ላይ የቀረ ፀጉር ሆዷ አይገባም። ንጹሕ ውኃ አይጉደልባት። ቁንጫ ያለባት ድመት ራሷን ያለ ልክ ስለምትልስ ቁንጫዋን በሐኪም ምክር አጥፉ፤ የውሻ ቁንጫ መድኃኒት ግን አታድርጉባት፣ አንዳንዱ ድመት ይገድላል። ትንሽ የተቀቀለ ዱባ ከምግቧ ጋር መቀላቀል አንዳንዶቹን ይረዳል። ትራፊ ወጥ ግን ይቅርባት፤ ሽንኩርቱ ደሟን ይጎዳል፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰብሮ አንጀቷን ይወጋል። በየሳምንቱ ፀጉር የምትተፋ ከሆነም «ልማዷ ነው» አትበሉ፤ ከሥሩ የአንጀት ሕመም ሊኖር ይችላልና ትታይ።

«ለድመት ይህን ያህል?» ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ አጭር ነው። ማበጠሪያ ርካሽ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድም ቢላዋ ከመጣ በኋላ ከመሄድ ይረክሳል። ድሃ ከተማ ውስጥ ለእንስሳ ማሰብ ቅንጦት የሚሆነው ዘግይተን ስናስብ ነው። እሷ «ሆዴን አመመኝ» አትልም፤ እናንተ ካላያችሁላት ሆድ ይፍጀው ብላ ትቀራለች። ሆድ ደግሞ እንዳልነው ሁሉን አይፈጅም። ቸር ይግጠመን!