ያውቁ ኖሯል? ሸማቹ እያመሰገነ የማይገዛው ልብስ

ከተጣለ የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ልብስ ሲቀርብለት ሸማቹን ወደኋላ የሚያስብለው ሁልጊዜ ዋጋው ወይም መልኩ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? አንዳንዱን የሚያስቆመው መጸየፍ ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. «ሳይኮሎጂ ኤንድ ማርኬቲንግ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሸማቾች እንዲህ ያለውን ልብስ መግዛት የሚደገፍ ሥራ ነው ብለው እያመኑ፣ ጨርቁ ግን የተበከለ ይመስላቸዋል። ለራሳቸው ሲሆን ያመነታሉ።

ይሁን እንጂ ጠርሙሱ ክር እስኪሆን ብዙ ደረጃ ያልፋል። ክዳኑና የተለጠፈበት ወረቀት ይለያል፤ ገላው በማሽን ተከትፎ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያም ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ይቀልጣል። ቅላጩ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተገፍቶ ሲወጣና ሲሳብ፣ ለሹራብም ለካልሲም የሚሆን ቀጭን የፖሊስተር ክር ይሆናል።

ይህን ጨርቅ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ሳያስተውሉት በቴሌቪዥን አይተውታል። በ2010 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ናይኪ ያለበሳቸው 9 ብሔራዊ ቡድኖች ማሊያ የተሠራው ከጠርሙስ በተገኘ ፖሊስተር ነበር፤ ለአንድ ማሊያ እስከ 8 ጠርሙስ ገብቷል። ብራዚልና ፖርቱጋል ከእነዚሁ መካከል ነበሩ። ኔዘርላንድስም በጆሃንስበርግ ከስፔን ጋር የፍጻሜውን ጨዋታ ያደረገችው ይህንኑ ለብሳ ነው።

ፓታጎኒያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ ከጠርሙስ የተሠራ የብርድ መከላከያ ልብስ ለገበያ ማቅረብ የጀመረው ከዚያ 17 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ነበር።