ዳታቤዝን በፕሮግራመሩ ኮምፒውተር ላይ ማፍጠን

ፖስትግሬስ የተሰኘው ዳታቤዝ አንድ ትራንዛክሽን መጠናቀቁን ከማረጋገጡ በፊት ለውጡን በለውጥ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ ጽሑፉም ከሜሞሪ ወጥቶ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ ይጠብቃል። መብራት ድንገት ቢጠፋም የተረጋገጠ ክፍያ ደብዛው የማይጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። መጠበቁ ግን ጊዜ ይበላል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ የሚዞረው 120 ጊዜ ነው፤ ተራ በተራ የሚመጡ ትራንዛክሽኖችን እያንዳንዳቸውን በእርግጥ ዲስኩ ላይ ካሳረፈ ከዚህ ቁጥር ብዙም አያልፍም። ኤስኤስዲ እጅግ ይፈጥናል፤ መጠበቁን ግን ጨርሶ አያስቀረውም።

ከሁሉ የሚቀድመው መፍትሔ ቅንብር መንካት አያሻውም። ሺህ ረድፎችን አንድ በአንድ ከማስገባት ይልቅ በአንድ ትራንዛክሽን ጠቅልሎ ማስገባት ሺውን መጠበቅ ወደ አንድ ያወርደዋል።

ቀጣዩ «ሲንክሮነስ ኮሚት» የተባለውን ቅንብር ማጥፋት ነው። ያኔ ሰርቨሩ ዲስኩን ሳይጠብቅ መልስ ይሰጣል፤ መዝገቡን የሚጽፈው ከጥቂት ቅጽበት በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ በመሐል ቢወድቅ፣ ሌላው ቅንብር ካልተነካ፣ የሚጠፋው ቢበዛ የመጨረሻው 0.6 ሰከንድ ገደማ ሥራ ነው፤ የቀረው መረጃ አይዛባም። ለሙከራ መረጃ ይህ ኪሳራ ከቁጥር አይገባም።

ጽሑፍ በእርግጥ ዲስክ ላይ እንዲያርፍ የሚያስገድደውን «ኤፍሲንክ» የተባለ ቅንብር ማጥፋት ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን እኩል አድርጎ መምከር አደገኛ ስሕተት ነው። ኤፍሲንክ ጠፍቶ ሳለ መብራት ቢቋረጥ ፋይሎቹ ሊበላሹና ዳታቤዙ ዳግም ላይከፈት ይችላል። የሚፈቀደው መረጃው በሙሉ በስክሪፕት እንደገና ሊገነባ ሲችል ብቻ ነው፤ ደንበኞች በሚጠቀሙበት ሰርቨር ላይ በፍጹም መደረግ የለበትም።

ሜሞሪን በተመለከተ፣ ፖስትግሬስ ለጋራ መሸጎጫው በነባሪ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ 128 ሜጋባይት ነው። ለዳታቤዝ ብቻ ለተመደበ ሰርቨር ከጠቅላላው ሜሞሪ ሩቡን መስጠት የተለመደ መነሻ ነው፤ ብራውዘርና ሌሎች ፕሮግራሞች በሚሻሙበት ላፕቶፕ ላይ ግን ከዚያ ማነስ አለበት።

እነዚህ ሁሉ ዘገምተኛ ጥያቄን አያድኑም። መቶ ረድፍ ባለው ሠንጠረዥ ላይ ኢንዴክስ ባይኖርም መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ ጉድለቱ የሚታየው ረድፎቹ ሚሊዮን ሲሞሉ ነው። ስለዚህ የሙከራው መረጃ በብዛት እውነተኛውን መምሰል አለበት። መረጃው ከተጫነ በኋላ «አናላይዝ» የተባለው ትእዛዝ ሲሰጥ ዳታቤዙ የሠንጠረዦቹን ይዘት አጥንቶ የፍለጋ መንገዱን ይመርጣል፤ «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» ደግሞ የተመረጠው መንገድ በየደረጃው የፈጀውን ጊዜ ያሳያል።